ውሃውን ክፈትለት

እኔ «እንትና ከሞተ በኋላ ታየኝ» በሚል ወሬ የማምን ሰው አልነበርኩም፣ እንዲያውም እንዲህ የሚለኝን ሁሉ «እራትህ ከብዶህ ነው» እያልኩ የማሾፍ ነበርኩ። ሥራዬ ደግሞ ቧንቧ ነው። ያረጁ የለንደን ቤቶች ግድግዳቸው ውስጥ ለምን እንደሚንኳኳ ብትጠይቁኝ፣ አየር ነው፣ ዝገት ነው፣ የላላ ቱቦ ነው ብዬ አስረዳችኋለሁ። ማስረዳት ያቃተኝ አንድ ምሽት አለ፣ እሱን ላውራችሁ።

ሰናይት ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ አብረን የተሰደድን፣ እንደ እህቴ የማያት ሰው ናት፣ ሼፈርድስ ቡሽ ሰፈር ከገበያው ጀርባ ብቻዋን ትኖራለች። አዝላ ያሳደገችው ታናሽ ወንድሟ ብሩክ አገር ቤት ፋብሪካ ውስጥ ይሠራ ነበር፣ ፋብሪካው ደግሞ እዚሁ ለንደን፣ ካምደን ቢሮ ያለው የአንድ ኩባንያ ነው፣ በአውቶቡስ በዚያ ባለፍን ቁጥር «የብሩክ አለቆች» እያለች በኩራት ታሳየኝ ነበር። እናም አንድ ቀን እዚያ ፋብሪካ ኬሚካል ፈሰሰ፣ ጋዙ መጋዘኑን ሞላው፣ ብሩክና አብዛኞቹ ጓደኞቹ ሞቱ። እኛ ሰማን፣ እሷ አልሰማችም።

መርዶ መቼም በስልክ አይነገርም፣ ሰው ተሰብስቦ ጎህ ሲቀድ ነው። ሽማግሌያችን ጋሽ ተፈራ ጠሩኝ።

«ነገ ንጋት ላይ እናረዳታለን። ዛሬ ፌስቡክ ላይ እንዳታየው አንተ ሂድና አብረሃት አምሽ።»

«ምን ብዬ ልሂድ ጋሼ?»

«የውሃ ማሞቂያሽን ቼክ ላድርግ በላት! ለዚህ ያልሆነ ሙያ ለመቼ ሊሆን ነው?»

ሄድኩ። ዋይፋዩን ነቀልኩ፣ «ባትሪ ጨርሻለሁ» ብዬ ስልኳን ተቀበልኩና ኪሴ ከተትኩት። እሷ ምስር ወጥ አቅርባልኝ ስለ ብሩክ ሠርግ ታወራለች።

«ሱፉን ከዚህ ነው የምልክለት። ቁመታችሁ እኩል ነው ደሬ፣ ቅዳሜ አብረን እንሂድና አንተ ትለካልኛለህ።»

«እሺ» ብዬ እንጀራውን መቁረስ ቀጠልኩ።

ይሄኔ ፎቅ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ውሃ መፍሰስ ጀመረ። ሰናይት «የጎረቤት ይሆናል» አለች፣ የጎረቤት ድምፅ ግን ታፍኖ ነው የሚመጣው፣ ይሄ ሰው በእፍኙ እየዘገነ ፊቱ ላይ ሲረጭ የሚሰማው ነው፣ መሃል መሃሉን ደግሞ ሳል አለበት፣ ትንፋሽ የሚያሳጣ ደረቅ ሳል። ወጣሁ። ከቧንቧው ውሃ ይወርዳል፣ ሰው የለም። የላላ ነው አልኩና አጥብቄ ዘጋሁት፣ ደረጃውን ወርጄ ሳልጨርስ እንደገና ተከፈተ።

ተናደድኩ መሰለኝ፣ ኩሽና ገብቼ የቤቱን ውሃ በሙሉ ከዋናው ቫልቭ ዘጋሁት። ጸጥ አለ። ቀጥሎ የቧንቧው እጀታ ሲጢጥ ሲል ሰማሁ፣ ይዞራል፣ መልሶ ይዞራል፣ ውሃ የለም፣ ሳሉ ባሰበት፣ ከፎቅ በረኪና የመሰለ ዓይን የሚያቃጥል ሽታ ወረደ።

ሰናይት ከሳህኑ ላይ ቀና አላለችም።

«ደሬ፣ ውሃውን ክፈትለት።»

«ለማን?»

«ዓይኑን እያቃጠለው ነው። ክፈትለት።»

ቫልቩን መልሼ ከፈትኩ። ውሃው ብዙ ፈሰሰ፣ ከዚያ ማንም ሳይዘጋው ቆመ። ሰናይት ሳህኑን አነሳች፣ ስለ ሱፉም ስለ ሠርጉም ዳግመኛ አላነሳችም። ስልኳን ኪሴ እንደያዝኩ ወጥቼ ቤቴ ሄድኩ።

ንጋት ላይ ነጠላችንን አዘቅዝቀን ስናንኳኳ ጥቁር ለብሳ ከፈተችልን። ጋሽ ተፈራ መርዶውን ገና አልተናገሩም። «ወንድሜን!» ብላ ስትጮህ እኔም በሩ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። እንዴት እንዳወቀች እስከ ዛሬ አልጠየቅኳትም፣ ፈርቼ ነው።

ለቅሶው ሳይነሳ ከአደጋው የተረፈ አንድ የብሩክ ጓደኛ ደወለ። ጋዙ ዓይናቸውን ሲያቃጥላቸው በሩ አጠገብ ወዳለው መታጠቢያ ሮጡ፣ ውሃ የለም። ከተቋረጠ ቆይቷል፣ ለአለቆቹ ተነግሯል፣ የሰማ የለም። ብሩክ የተገኘው የቧንቧውን እጀታ እንደጨበጠ ነው አለ። ያን ምሽት ይህን ከእኛ ማንም አያውቅም ነበር፣ ልብ በሉልኝ።

ሰናይት ካምደን ወደ ኩባንያው ቢሮ ሄደች፣ እኔም ተከተልኳት። አንድ ለስላሳ ሰውዬ ሶፍት እያቀረበ አዘነላት። እሷ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ ውሃ ነበረ ወይስ አልነበረም? «ባለን መረጃ መሠረት መታጠቢያው ይሠራ ነበር» አላት። እሷም በአማርኛ «ታዲያ ወንድሜ ውሃ ፍለጋ እኔ ቤት ድረስ ለምን መጣ?» አለችው። ሰውዬው ተርጉምልኝ በሚል ዓይን አየኝ፣ አልተረጎምኩለትም። የኩባንያው ሰዎች ዛሬም «ይሠራ ነበር» እንዳሉ ናቸው።

እኔም ሥራዬ ላይ ነኝ፣ ግን የማንንም ቤት ውሃ ከመዝጋቴ በፊት «ሰው አለ?» እላለሁ። በቀደም ክሮይደን ውስጥ ተከራይ የለቀቀው ቤት ገብቼ፣ ባዶ መሆኑን እያወቅኩ፣ ለልማዴ ያህል ተጣራሁ። ፎቅ ላይ ያ ደረቅ ሳል ተሰማ፣ ከዚያም ውሃ መፍሰስ ጀመረ።

ቫልቩን ለቅቄ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ፣ እስኪጨርስ ጠበቅኩት።