ሳይተረጎም የቀረው ጥያቄ

«ይኼን ደግሞ ጠይቂልኝ» አላት አባቷ አሥራት። «ባትሪው በጥር ብርድ ይሠራል ወይ በይው። ሌሊቱን ውጭ ነው የምናድረው።»

ቤዚ አፏን ከመክፈቷ በፊት ራሱ ጀመረው። «ማይ ፍሬንድ! ጃኑዋሪ! ቢግ ሆሊዴይ! ዋተር፣ ፕሪስት፣ ኦል ናይት አውትሳይድ!» ውኃ እንደሚረጭ ሰው እጁን አወናጨፈ። ቀጥሎ ታቦት እንደተሸከመ ካህን ሁለት እጁን አናቱ ላይ አድርጎ በባንኮኒው ፊት ቀስ ብሎ ተራመደ።

ወጣቱ ሻጭ ግራ ገብቶት ፈገግ አለ። «ሶሪ፣ ሰር?»

ከፖቶማክ ወንዝ ማዶ፣ አሌክሳንድሪያ ያለው ይህ የተጎታች ቤት ዕቃ መሸጫ ቅዳሜ ሰው ይበዛበታል። ከኋላቸው ተራ ከያዙት መካከል በቤዚ ዕድሜ ያሉ ሁለት ልጆች ነበሩ። አንዱ «ማይ ፍሬንድ!» ብሎ የአባቷን አነጋገር ቀዳው፤ ሌላው አፉን በእጅጌው ሸፍኖ ሳቀ። የቤዚ ጆሮ ጋለ። መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

«ዋስትናው ስንት ዓመት ነው እያለህ ነው» አለችው ለሻጩ፣ ፈጠን ባለ እንግሊዝኛ።

«አሥር ዓመት» አለ ሻጩ፣ የሚመልሰው ነገር በማግኘቱ ደስ ብሎት።

«ምን አለ?» አለ አሥራት።

«ችግር የለም አለ።»

«በብርዱም?»

«በብርዱም ይሠራል አለ። እንሂድ በቃ፣ ዳድ!»

አሥራት የሻጩን እጅ በሁለት እጁ ጨብጦ ጎንበስ እያለ አመሰገነው።

አሥራት ክሪስታል ሲቲ ውስጥ በአንድ የመኪና ማቆሚያ ነው የሚሠራው። በመኪና የምትሳብ አንዲት አሮጌ ተጎታች ቤት ገዝቶ ሲልቨር ስፕሪንግ ወደሚኖሩበት ቤት ያመጣት ቀን የቤዚ እናት ፅጌ፣ «ሰው ቤት ይገዛል፤ የእኔው ደግሞ ጎማ ያለው ሳጥን ይገዛል» ብላ ስቃበታለች። እሱ ግን ያሰበው ነገር ነበረው። ደብራቸው ጥምቀትን የሚያከብረው መብራት ባልገባበት ሜዳ ላይ ነው። ባለፈው ዓመት የተከራዩት ጄኔሬተር ሲያጓራ አድሮ ማኅሌቱን ዋጠው። አባ ወልደአምላክ፣ «ዘንድሮስ የቆመው ሞተር ነው፤ እኛ አጃቢዎች ነን» ብለው ቀለዱ። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ አሥራት ግን ቀልዱ ከልቡ አልወጣ አለ። «ለመጪው ጥምቀት በፀሐይ የሚሠራ፣ ድምፅ የሌለው ኃይል አመጣለሁ» ብሎ ለሰበካ ጉባኤው ቃል ገባ። ማይክራፎኑ ከተጎታች ቤቱ ባትሪ ይሠራል፤ አረጋውያኑም እዚያው ውስጥ እየሞቁ ያድራሉ።

የፀሐይ ብርሃን የሚሰበስበውን ፓነል ሲመርጥ እንደ ሙሽራ መራጭ ነበር የተጨነቀው። ካርቶን በፓነል ልክ እየቆረጠ ጣራው ላይ ያነጥፍና እዚያው የተተከለው የአየር ማቀዝቀዣ ጥላ የትኛው ካርቶን ላይ እንደሚያርፍ ጠዋትም ከሰዓትም እየወጣ ያያል። ጎረቤቶቹ ጣራው የሚያፈስ መስሏቸው ነበር። ቤዚ የወደደችው ጣራው ላይ የሚለጠፈውን ስስ ፓነል ነው፤ ቀላል ነው፣ ያምራልም። አሥራት ግን «ጀርባው አየር ካላገኘ በበጋ ይጠበሳል» ብሎ፣ በብረት እግር ከፍ ተደርጎ የሚታሰረውን ጠንካራውን ያዘ። ባትሪውም ሊቲየም ይሁን አለ፤ ክብደቱ ትንሽ፣ ዕድሜው ረጅም ስለሆነ። ሁሉንም አይቶ መዝኖ፣ የቀረው ያ አንድ ጥያቄ ነበር።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አሥራት ጣራው ላይ ወጥቶ ሲያስር፣ ቤዚ መሰላሉ ሥር ተቀምጣ ከስልኳ ቪዲዮ እያየች ትተረጉምለት ነበር። ቪዲዮው ላይ ያለው ጢማም ሰውዬ የመጨረሻውን ብሎን አስሮ ሲያበቃ፣ በበረዶ ወደተሸፈነ ጫካ ካሜራውን አዞረ። «እዚህ ላይ ነው እኔ የተሞኘሁት» አለ። ሊቲየም ባትሪ ውኃ በሚረጋበት ብርድ አይሞላም፤ በግድ ከሞሉት ይበላሻል። የእሱ ባትሪ ራሱን የሚጠብቅ ዓይነት ስለሆነ፣ ፀሐይ ወጥታ ፓነሉ እያብረቀረቀ ባትሪው ምንም ሳይቀበል ዋለ። መፍትሔው ባትሪውን ከውጭው ሳጥን አውጥቶ ሙቀት ያለው ክፍል ማስገባት፣ አለዚያም የራሱ ማሞቂያ ያለውን መግዛት ነው።

ቤዚ ቪዲዮውን አቆመችው። የእነሱ ባትሪ የሚቀመጠው ውጭ፣ ከፊት ባለው ሳጥን ውስጥ ነው። በከተራ ሌሊት ተጠቅመውበት ካለቀ፣ በማግስቱ አይሞላም። የቤቱ ማሞቂያ በጋዝ ቢነድም ማራገቢያው ባትሪ ይፈልጋል። ሽማግሌዎቹ በብርድ ሊንቀጠቀጡ ነው።

«ምን አለ?» አለ አሥራት ከላይ፣ ብሎን በከንፈሩ ይዞ።

«ብሎኑን... በደንብ አጥብቁት ነው የሚለው።»

«እሱንማ ማን አጣው! ሊቅ ነው እባክሽ!» ብሎ ሳቀ።

ቤዚ ወደ ቤት ገብታ ለዮዲ ደወለች። ዮዲ የሰንበት ትምህርት ቤት ጓደኛዋ ናት፤ ከእሷ የምትደብቀው ነገር የለም።

«ቆይ፣ ሳትጠይቂው ነው ጠየቅኩት ያልሽው?» አለች ዮዲ። «ሲሪየስሊ?»

«ልጆቹ ሙድ ሲይዙበት... እኔ እንጃ። ብቻ ዝም እንዲል ፈለግኩ።»

«ታዲያ ምን ታካብጃለሽ? "ኢንተርኔት ላይ አየሁ፣ ብርድ አይወድም" በይዋ። ባትሪውን ያስተካክላል፣ አንቺም ሰላም። አለቀ።»

«ውሸት አይሆንም?»

«አይተሻል አይደል እንዴ? ግማሹን መናገር ውሸት ነው የሚል የት አለ?»

ምክሩ ቀላል ነበር፤ ቤዚም ምሳ ላይ እንደተባለችው አደረገች። ቪዲዮውንም አሳየቻቸው። አሥራት የጠቀለለውን ጉርሻ ሳይጎርስ ወደ ትሪው መለሰው።

«የሱቁ ሰውዬ ግን ይሠራል ብሎን ነበር።»

ቤዚ እንጀራዋን መቆራረስ ጀመረች።

«እንግሊዝኛህ ሲሰባበር አይቶ ነዋ» አለች ፅጌ። «ቋንቋ የሌለው ሰው ላይ ይቀልዳሉ።»

«እኔ እኮ እጁን በሁለት እጄ ነው የጨበጥኩት!» የአሥራት ድምፅ ጎላ። «ጨዋ ልጅ መስሎኝ! ነገ ለሰበካ ጉባኤው እናገራለሁ። ሐበሻ የተባለ እዚያ ሱቅ ዝር እንዳይል አደርጋለሁ። አሁኑኑ ሄጄም ፊት ለፊት እነግረዋለሁ።»

«አባዬ፣ መሄድ እንኳ አያስፈልግም...»

«አብረሽኝ ነይ። የምናገረው ግን እኔ ነኝ፤ አንቺ ልጅ ነሽ፣ ታፍሪያለሽ።»

አውራ ጎዳናውን ይዘው ወደ አሌክሳንድሪያ ነዱ። ቤዚ ያ ሻጭ ግራ ገብቶት ፈገግ ሲል ይታያት ነበር። ምንም አላደረገም፤ የተጠየቀውን ነው የመለሰው። የፖቶማክን ድልድይ ሲሻገሩ አሥራት ለብቻው ማነብነብ ጀመረ። የሚናገረውን እየተለማመደ ነበር።

«ቤዚዬ፣ "ዋሸኸኝ" በእንግሊዝኛ እንዴት ነው የሚባለው? አስተካክለሽ ንገሪኝ።»

«ለምን?»

«ተሳስቼ እንዳይስቁብኝ ነዋ። ያን ቀን እነዚያ ከኋላችን ያሉ ልጆች ሲስቁብኝ ሰምቻቸዋለሁ።» ዓይኑን ከመንገዱ አልነቀለም። «ምን ይደረግ? የመጣሁበት ጉዳይ ይበልጥብኛል ብዬ ተውኳቸው። ዛሬ ግን አይስቁም።»

ሰምቶ ነበር። ሰምቶ ነው፣ «በብርዱም?» ብሎ እንደገና የጠየቃት።

«አባዬ፣ አቁም።»

«ሱቁ እኮ ወደፊት ነው።»

«አውቃለሁ። በናትህ አቁም።»

ከድልድዩ ማዶ ወጥቶ አንድ ነዳጅ ማደያ ውስጥ ጥግ ያዘ። ሞተሩን አጠፋና ግንባሯን በመዳፉ ነካት። «ምነው፣ አመመሽ እንዴ?»

«ረስቼው ነው» ማለት ትችል ነበር። እሱም ያምናት ነበር። ስቆ መኪናውን ያዞርና፣ ባትሪውን ወደ ውስጥ አስገብተው፣ ሁሉም ነገር ሰላም ይሆን ነበር። ቃሉ አፏ ውስጥ ተዘጋጅቶ ተቀምጧል። ከግንባሯ ላይ እጁን ቀስ ብላ አወረደችው።

«ሰውዬው አልዋሸም» አለች። «ጥያቄህን አልጠየቅኩትም። ሌላ ነገር ነው የጠየቅኩት።»

«ረስተሽው?»

«አልረሳሁትም» አለች። «ልጆቹ ሲስቁ... በአንተ አፍሬ ነው፣ አባዬ።»

አሥራት መሪውን እንደያዘ ቀረ። ከኋላቸው አንድ መኪና ጥሩምባ ነፍቶባቸው አለፈ። ቤዚ ፊቷን ወደ መስኮቱ ማዞር አማራት፤ ግን አላዞረችም። አባቷ እስኪያያት ድረስ፣ ዓይኖቿን ከእሱ ላይ ሳትነቅል ጠበቀች።