ስምንት ከአሥር

ዲክሽ ለአባቷ መለማመጃ የሰማንያ ዓመት አሮጊት ሆና ሶፋው ላይ ተጋድማለች። ዳሌዋ ተሰብሮ ተጠግኗል፤ ተነስታ እንድትራመድ ብትለመን ብትለመን ግን አሻፈረኝ ብላለች። አባቷ ከፊቷ ወንበር ስቦ፣ በእንግሊዝኛ ሊያግባባት ይታገላል።

«ትናንት ትንሽ ይራመዳሉ» አላት። ነገ ማለቱ ነበር።

«ትናንትማ ተኝቼ ነው የዋልኩት» አለች አሮጊቷ፣ እሷም በእንግሊዝኛ።

ልብስ የምትተኩሰው እናቷ ካውያውን እንደያዘች ሳቋን ዋጠች። አባቷ ግንባሩን መታ አድርጎ እንደገና ጀመረ። ሁለተኛው ሙከራ ከመጀመሪያው ይሻል ነበር፤ ሦስተኛው ደግሞ ከሁለተኛው ባሰ።

እውነተኛ ስሟ ሌላ ነው። እንግሊዝኛ ስለምትችል የክፍል ጓደኞቿ «ዲክሽነሪ» አሏት፤ እሱም ረዘመባቸውና ዲክሽ ሆና ቀረች። አባቷ ፊዚዮቴራፒስት ነው። እግሩ አልታዘዝ ያለውን ሰው እንደ ሕፃን ከ«ወፌ ቆመች» አስጀምሮ ያራምዳል። በዚህ ሥራ አሥራ ስድስት ዓመት ቆይቷል። አሁን ሌላ አገር ያለ ሆስፒታል ሊቀጥረው ይፈልጋል፤ በመጀመሪያ ግን ለሕክምና ባለሙያዎች የሚሰጠውን የእንግሊዝኛ ፈተና ማለፍ አለበት። ማንበቡና ማዳመጡ አላስቸገረውም። መናገሩም እንደምንም ይገፋል። ያቃተው መጻፉ ነው፤ ስለ አንድ በሽተኛ ለሌላ ባለሙያ የሚላክ ደብዳቤ። የሚለማመድባቸውን ደብዳቤዎች የምታርመው ዲክሽ ናት። ማለፊያው ከአሥር ሰባት ነው።

«እህስ መምህሬ፣ የዛሬው ደብዳቤ እንዴት ነው?» አላት ወንበሩን ወደ ቦታው እየመለሰ።

«ስምንት» አለች።

«ስምንት!» አለ ወደ እናቷ ዞሮ። «ሰማሽ? አራተኛ ስምንቴ ነው። በቃ ልመዘገብ ነው፤ ምዝገባው ዓርብ ይዘጋል።»

እናቷ የሸሚዙን እጅጌ ገልብጣ መተኮሷን ቀጠለች።

ነገሩ እንዴት እንደተጀመረ ዲክሽ በደንብ ታስታውሳለች። ለመጀመሪያው ደብዳቤ የሰጠችው አራት ነበር። አባቷ ወረቀቱን አየት አድርጎ አጠፈው፤ ከዚያ ሦስት ቀን ሙሉ መጽሐፉን አልገለጠም። ራት ላይ እንኳ አንገቱን ደፍቶ ነበር። በሚቀጥለው ደብዳቤ አንጀቷ አልችል አለና ስድስት ሰጠችው። ከዚያ ሰባት፣ ከዚያ ስምንት። እንዴት እንደተጀመረ እንጂ ለምን እንደቀጠለ ግን አታውቅም። አባቷ ካለፈ መጀመሪያ የሚሄደው ብቻውን ነው። «ወረቀታችሁ ሲያልቅ ትከተሉኛላችሁ» ይላል። መቼ እንደሚያልቅ የሚናገር የለም።

ሐሙስ ዕለት አንዱን ደብዳቤ ይዛ ትምህርት ቤት ሄደች። ነጠላ ሰረዝ ይግባ አይግባ ያልቆረጠላት አንድ ዐረፍተ ነገር ነበር። የእንግሊዝኛ መምህሯ ግን ወረቀቱን ተቀብለው ከላይ እስከ ታች አነበቡት።

«ስምንት የሰጠው ማነው?»

«እኔ ነኝ ቲቸር።»

መምህሯ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩዋት። «እስቲ ይህቺን መስመር በአማርኛ ንገሪኝ።»

ዲክሽ አነበበች። «በሽተኛው ለስድስት ሳምንት... በግራ እግሩ መቆም አለበት።»

«የተሰበረው የትኛው እግሩ ነው?»

«ግራው።» ድምፅዋ አነሰ። «የለበትም ለማለት ነው።»

«ለማለትማ ነው። ግን አላለም። ይህ ደብዳቤ የደረሰው ሰው በሽተኛውን አንስቶ በተሰበረ እግሩ ያቆመዋል።» ወረቀቱን መለሱላት። «አራት ተኩል ነው፤ አምስት ብል ለይሉኝታ ነው። አላየሽውም ነበር?»

ዲክሽ ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። አይታው ነበር። እስክሪብቶዋ እዚያች መስመር ላይ ቆም ብሎ እንደነበር ትዝ ይላታል። ከዚያ አልፎ ሄደ። አባቷ በዚያን ቀን ደክሞት ስለነበር ነው? ወይስ...

በእረፍት ሰዓት ነገሩን ለሚጢጢ ነገረቻት። ሚጢጢ አጠገቧ የምትቀመጥ ጓደኛዋ ናት፤ ከክፍሉ ልጆች ሁሉ ረጅሟ ስለሆነች ነው ይህ ስም የወጣላት።

«አቦ አታካብጂ» አለች ሚጢጢ። «ይፈተንና ፈተናው ራሱ ይነግረዋል።»

«ከወደቀ ዓመት ሙሉ መፈተን አይችልም። ያን ያህል ደግሞ ማን ይጠብቀዋል?»

«ታዲያ ከወደቀ አይሄድማ። አንቺ የፈለግሽው እሱን አይደል እንዴ?»

ሚጢጢ ይህን ያለችው ለቀልድ ነው፤ ብላም ወዲያው ስለ ሌላ ነገር ማውራት ጀመረች። ዲክሽ ግን ክው ብላ ቀረች። እሱን ነው የፈለግሁት? አይደለም ለማለት ሞከረች፤ አልሆነላትም። ነው ለማለትም አልሆነላትም። ከሰዓት በኋላ መምህራን ገቡ፣ ወጡ፤ ምን እንዳስተማሩ ብትጠየቅ አንዱን አትመልስም።

ከትምህርት ቤት ስትወጣ እግሯ ወደ ቤት አልወሰዳትም፤ ወደ አባቷ መሥሪያ ቤት ወሰዳት። ምን እንደምትለው ግን አላወቀችም። አትመዝገብ ብትለው ስለ ደብዳቤው ነው ወይስ ስለ ራሷ? ዝም ብትልስ፣ ዝምታው ለማን ነው?

የሕክምናው ክፍል በር ገርበብ ብሎ ነበር። ውስጥ ሁለት ረጃጅም የብረት መደገፊያዎች ትይዩ ቆመዋል፤ በጫፋቸው ትልቅ መስታወት አለ። አንድ ሽማግሌ ብረቶቹን በሁለት እጅ ጨብጠው ቀኝ እግራቸውን ይጎትታሉ። ዲክሽ ታውቃቸዋለች፤ የትምህርት ቤት ዩኒፎርሟን የሚሰፉላት ልብስ ሰፊ ናቸው። ስትሮክ ከመታቸው ወዲህ የስፌት መኪናቸውን መርገጥ አልቻሉም።

«ተሻሽያለሁ አይደል ዶክተር?» አሉ እያለከለኩ።

«ዶክተር አይደለሁም ጋሼ» አለ አባቷ። ከጎናቸው ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ደግፏል። «ደግሞም አልተሻሻሉም። ካለፈው ሳምንት አንድ እርምጃ አልጨመሩም። ቤት መልመጃውን አልሠሩትም።»

«ልጆቼ እኮ በጣም ተሻሽለሃል ነው የሚሉኝ።»

«እንዳይከፋዎ ነው።»

«አንተ ደግሞ ሰው ማስደሰት አልፈጠረብህም» አሉ ሽማግሌው አኩርፈው። ካኮረፉ በኋላም ግን ብረቱን አልለቀቁም። እግራቸውን አነሱት፤ ትንሽ አንቀጠቀጣቸው፤ አስቀመጡት። አባቷ ጉልበታቸውን ያያል። ቤት ውስጥ ነገን ከትናንት የሚያደባልቀው ሰውዬ እዚህ ክፍል ውስጥ አልነበረም።

ልብስ ሰፊው ምርኩዛቸውን ይዘው ከወጡ በኋላ ገባች።

«ምነው በደህና?» አለ አባቷ የጎማ ማሠሪያዎቹን እየጠቀለለ።

«አባዬ፣ ሁለት ነገር ልነግርህ ነው። የቱ እንደሚቀድም ግን አላውቅም።»

«የቀለለሽን አስቀድሚ።»

ቀላል የለውም። ደብዳቤውን ከቦርሳዋ አውጥታ ሰጠችው፤ ጣቷንም መስመሯ ላይ አሳረፈች። አባቷ አነበበ። መልሶ አነበበ። በሦስተኛው ጊዜ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየችው።

«ስምንት አይደለም» አለች። «አራት ተኩል ነው። ሌሎቹም እንደዚሁ ናቸው።»

አባቷ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ተቆጥቶ ይሁን አፍሮ ከፊቱ አይነበብም።

«ለምን?»

«መጀመሪያ እንዳይከፋህ ብዬ ነበር። በኋላ ግን እንዳትሄድ ብዬም ይሆናል። ሁለተኛው ነገር እሱ ነው። የቱ እንደሆነ ሳስብ ሳስብ ዋልኩ፤ እኔንጃ፣ ዞሮብኛል።»

ኮሪደሩ ላይ አንድ ሰው ጋሪ እየገፋ አለፈ። አባቷ ድምፁ እስኪርቅ ጠበቀ።

«እኔም አንዳንድ ቀን ስነሳ ልሂድ እላለሁ» አለ። «ራት ላይ ስንቀመጥ ደግሞ የት ነው የምሄደው እላለሁ። ለእናንተ ስል ነው የምሄደው፤ የምቀረውም ቢሆን ለእናንተ ስል ነበር። እንግዲህ ዞሮብኛል ካልሽ ብቻሽን አይደለሽም።» ደብዳቤውን ጉልበቱ ላይ ዘረጋው። «ይህ ግን ሌላ ነው። እውነት ቢሆን ኖሮ ይህን ሰውዬ እግሩን መልሼ ሰብሬው ነበር።»

«እኔም አይቼ አሳልፌዋለሁ።»

«አዎ» አለ አባቷ። አላስተባበለላትም። «ነገ አልመዘገብም። ወድቄ ዓመት ከምታገድ የሚቀጥለው ይሻላል፤ ከሦስት ወር በኋላ ነው፤ ይጠብቁኝ እንደሆን እጽፍላቸዋለሁ።»

ዲክሽ ደስ አላት። ደስ ስላላት ደግሞ አፈረች፤ ካፈረች በኋላም ደስታው አልሄደም። ሦስት ወር ረጅም መሰላት፣ ወዲያው ደግሞ አጭር። በደንብ ካስተማረችው ያልፋል። ካለፈ ይሄዳል። ካላስተማረችው...

ቦርሳዋን ከፈተች። ደብተሯን አውጥታ ከመሃሉ ንጹሕ ገጽ ገነጠለችና እስክሪብቶ ጨምራ ሰጠችው።

«የጋሼን ጻፍ» አለች። «ልብስ ሰፊ ናቸው፣ ስትሮክ መቷቸዋል፣ ቤት መልመጃ አልሠሩም። ለሌላ ሐኪም እንደምትልካቸው አድርገህ።»

«አሁን?»

«አሁን።»

አባቷ ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ አለ። ዲክሽ በርጩማ ስባ አጠገቡ ተቀመጠች። ቀስ እያለ ይጽፋል፤ ቃል ሲጠፋበት ጣሪያውን ያያል። የመጀመሪያው መስመር ደህና ነበር። ሁለተኛው መስመር መሃል ላይ አንዲት ቃል ተዘለለች፤ እስክሪብቶው አልፏት ሄደ።

ዲክሽ እጁን ያዝ አደረገችው።

«አባዬ» አለች። «እዚህች ጋ ተመለስ።»