ድንኳኑ ቀድሞ ተተከለ

ድንኳኑ ራሱን መትከል የጀመረው ደቻቱ ኮከብ አንድ ለባዶ እየመራ ሳለ ነው።

ጋሽ ሽብሩ መጀመሪያ ነፋስ መሰላቸው። ማያቸውን፣ ማለትም ጨዋታውን ሁሉ ከዓይናቸው ሥር የሚያመጣላቸውን መነጽር መሳይ ነገር፣ ወደ ግንባራቸው ገፋ አድርገው በመስኮት ቢያዩ የእድሩ ድንኳን ከዕቃ ቤት ወጥቶ ግቢው መሃል እግሮቹን አንድ በአንድ ይዘረጋል። አግዳሚ ወንበሮቹም እንደ ልማዳቸው ተከትለውት እየወጡ ነው። ብረት ድስቱ ስንዴና ሽንብራውን ተቀብሎ ንፍሮውን ጥዷል። ይህ ሁሉ ምንም አያስገርምም፤ ድንኳን ራሱን ካልተከለ ማን ሊተክለው ነው? ያስገረማቸው ሰዓቱ ነው። ሰው አልሞተም። ደቻቱ ኮከብም ገና አልተሸነፈም።

«አንተ ምን ሆነሃል?» ብለው በመስኮቱ ጮኹበት።

ድንኳኑ የመጨረሻ እግሩን ዘርግቶ ቆመ።

ጋሽ ሽብሩ ወደ ጨዋታው ተመለሱ። ወዲያው የደቻቱ ኮከብ ተከላካዮች፣ ማንም ሳይነካቸው፣ ዕቃ እንደረሳ ሰው ወደ ኋላ ማፈግፈግ ጀመሩ። አንድ ለአንድ። ሁለት ለአንድ። ዳኛው የመጨረሻውን ፊሽካ ሲነፋ ንፍሮው በስሎ ነበር።

ድሬዳዋ ላይ ጥላው የተዘረጋው ፀሐይዋ ቀን ቀን ሰው አላስወጣ ያለች ጊዜ ነው። ከተማዋን ከዳር እስከ ዳር የሚሸፍን ሸራ ነው፤ ሙቀቱን እውነትም ቀንሶታል። ነገር ግን ሸራው ተሰፍቶ እስኪያልቅ ሰው ቤት መዋልን ለምዶ ስለነበር፣ ሙቀቱ ወጣ እንጂ ሰው አልወጣም። ዳቦ በሰማይ እየበረረ ይመጣል። ሐኪም በግድግዳ ይመጣል። ኳስ በማያ ይመጣል፤ የደጋፊው ጩኸት ብቻ ከየቤቱ ተለቅሞ ወደ ባዶው ስታዲየም ይላካል። ሰው በእግሩ የሚሄድበት አንድ ነገር ቢቀር ለቅሶ ነው። ለቅሶ በማያ አይደረስም። እንዲህ የሚል ሕግ የለም፤ ግን በማያ ለቅሶ የደረሰ ሰው፣ የራሱ ቀን ሲመጣ ማን እንደሚሸከመው ሁሉም ያውቃል።

የጋሽ ሽብሩ ባለቤት አስካለ የሞተች ጊዜም ሰው በእግሩ መጣ። ግቢው ሞልቶ ሰነበተ። ከዚያ አርባዋ ወጣ፣ ድንኳኑ ታጠፈ። ጋሽ ሽብሩ የደቻቱ ኮከብ ደጋፊዎች እድር ዕቃ ቤት ኃላፊ ናቸውና የገዛ ሚስታቸውን የለቅሶ ወንበር ራሳቸው ቆጥረው አስገቡ። ቤቱን ዝምታ ወረሰው። ዝምታው እንደ እንግዳ አልመጣም፤ ዕቃውን ይዞ ነው የገባው።

በዚያው ሰሞን ደቻቱ ኮከብ አምስት ለባዶ ተሸነፈ። ጀንበር ስታዘቀዝቅ በሩ ተንኳኳ። ጎረቤታቸው አባዲር ነው፤ ቤቱ ቁጭ ብሎ በሽቦ በሚታዘዝ እጅ የጥላውን ቀዳዳ የሚጠግን ሰው ነው። ፎጣውን ተከናንቦ፣ ንፍሮ በሳህን ይዞ ቆሟል።

«ጋሽ ሽብሩ፣ አላህ ያጽናህ» አለ ፊቱን አጨማዶ። «በአንድ ቀን አምስቱንም ተነጠቅን አቦ።»

የድሬ ልጅ አንቱታ አይሆንለትም። ጋሽ ሽብሩ ከአስካለ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ። አባዲር እስኪመሽ ተቀመጠ። በሚቀጥለው ሽንፈት ሦስት ሆነው መጡ። ቀልዱ ልማድ ሆነ፤ ልማዱም ውሎ አድሮ የእድሩ ደንብ ውስጥ ገባ። ደቻቱ ኮከብ ሲሸነፍ ጋሽ ሽብሩ ግቢ ድንኳን ይተከላል፣ ሰው ይመጣል፣ ይቀመጣል። ባለፉት ሁለት ዓመታት ታዲያ ድንኳኑ ዕረፍት አላገኘም።

ያን ዕለትም መጡ።

«ሰውየው ይባረር!» አለ አባዲር ገና ሳይቀመጥ። ሰውየው አሰልጣኙ ነው።

«ስንቱን እናባርር?» አሉ ወይዘሮ ዘይነባ፣ ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህርት። «ጥፋቱ የነፋሱ ነው። ከዕረፍት በኋላ ወደ ደቡብ ነው የምናጠቃው።»

«እትዬ፣ ስታዲየሙ እኮ ጣሪያ አለው!»

«ጣሪያ ነፋስ አያስገባም ያለህ ማነው? ደግሞ ሸራ ጠጋኝ ነኝ ትላለህ።»

«በረኛው ነው» አለ ከኋላ አንዱ። «አዲሱ ጫማ ነው» አለ ሌላው። ሦስተኛው ስታዲየሙ መቃብር ላይ ነው የተሠራው አለ። የማን መቃብር ሲሉት «የአጥቂዎቻችን» አለ፤ ድንኳኑ በሳቅ ተናጋ።

«ሳቁ፣ ሳቁ» አሉ ወይዘሮ ዘይነባ። «ቅዳሜ የመጨረሻው ጨዋታ ነው። ከተሸነፍን ከሊጉ ወረድን። ከወረድን ደግሞ ክለቡ ይፈርሳል ተብሏል።»

ክለብ ከፈረሰ ሽንፈት የለም፤ ሽንፈት ከሌለ ድንኳን የለም። ይህን አፍ አውጥቶ የተናገረ ግን የለም። ሁሉም እጁን ወደ ሳህኑ ላከ።

«ንፍሮው ዛሬ በስሏል» አሉ ወይዘሮ ዘይነባ።

እሑድ ጠዋት ጋሽ ሽብሩ የድንኳኑን መገጣጠሚያ ዘይት እየቀቡ ሳለ ወደ ዕቃ ቤቱ ግድግዳ ዞሩ። እዚያ የእድሩ አሮጌ ጥሩምባ ተሰቅሏል። ድሮ ሰው ሲሞት በየመንደሩ ይነፋ ነበር፤ አሁን የመካሪው ድምፅ መውጫ ነው። መካሪ በየክለቡ ያለ አሳቢ መሣሪያ ነው። ጨዋታውን ከላይ እያየ፣ የስንዴ ፍሬ በምታክል የጆሮ ማዳመጫ ለእያንዳንዱ ተጫዋች ግፋ፣ ተመለስ፣ አቀብል ይላል። ሀብታም ክለቦች ሁለት ሦስት አላቸው። ደቻቱ ኮከብ ያለው አንድ ነው፤ እሱንም ከእድሩ ጋር በጋራ። ስለዚህ ተጫዋቾቹን የሚመክረው ድምፅ ድንኳኑንም ድስቱንም ያዛል።

«ትናንት ድንኳኑን ማን አዘዘው?» አሉ ጋሽ ሽብሩ።

«እኔ ነኝ» አለ ጥሩምባው።

«እየመራን?»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ። ባለፈው ንፍሮው ጥሬ ነው ተብሎ ወይዘሮ ዘይነባ አማርረው ነበር። ትናንት እንዳያፍሩብን ብዬ ቀደም አድርጌ ጣድኩት። ድስቱ ሲወጣ ድንኳኑ አብሮ ይወጣል።»

«እንደምንሸነፍ በምን አወቅህ?»

«ተከላካዮቹን ወደ ኋላ የምመልሳቸው እኔ ነኝ።»

መካሪ መዋሸት አልተሠራለትም። ካልጠየቁት ግን አይናገርም፤ በዚህ በኩል ከብዙ ሰው ይሻላል ይባላል። ጋሽ ሽብሩ የዘይቱን ቆርቆሮ አስቀምጠው አግዳሚው ላይ ቁጭ አሉ።

«ለምን?»

«ሁለት ትእዛዝ አለኝ። ክለቡ ‹አሸንፍ› ብሎኛል። እድሩ ‹አባል ብቻውን እንዳይቀር› ብሎኛል። ሁለቱ ሲጋጩብኝ የቱ ይቅደም ብዬ ጠቅላላ ጉባኤ ጠራሁ። ምልዐተ ጉባኤ አልሞላም። ደግሜ ጠራሁ፤ አሁንም አልሞላም። በዚያው ሳምንት ተሸነፍን፤ የቀረ አባል አልነበረም። መልሳቸው ይህ ነው ብዬ ወሰድኩት።»

«ስናሸንፍስ? ስናሸንፍ አይመጡም?»

«ስናሸንፍ ሁሉም ቤቱ ሆኖ ይጮሃል። ከዚያ ማያውን አውልቆ ይተኛል። በር ሲከፈት አይቼ አላውቅም። እርስዎስ ያሸነፍን ለታ ምን አድርገው ነበር?»

ጋሽ ሽብሩ አስታወሱ። ጎሉ ሲገባ ከመቀመጫቸው ተነሥተው ጮኸው ነበር። ጮኸው ሲያበቁ ወሬውን ሊነግሯት ወደ አስካለ ወንበር ዞሩ። ከዚያ እራታቸውን ቆመው በሉ።

«አሰልጣኞቹንስ?» አሉ ወሬ ለመቀየር። «በከንቱ ነዋ ያባረርናቸው።»

«አዎ። የመጨረሻው በጣም ጎበዝ ነበር።»

«ይህን ነገር ለሰው መናገር አለብኝ።»

«ይችላሉ። ከእርስዎ በፊት የጠየቁኝም ይችሉ ነበር።»

«ከእኔ በፊት የጠየቀህ አለ?»

«ብዙ ናቸው። አንዱ ከተከላካዮቹ አረማመድ ጠርጥሮ ነው፣ አንዷ ከነፋሱ። ሁሉም እንደ እርስዎ ብቻቸውን ሆነው ነው የጠየቁኝ።»

«ምን አሉ?»

«‹ለሌሎቹ እንዳትነግር› አሉ።»

«እነማን ናቸው?»

«የእድር ምስጢር ነው፤ ስም አልጠራም።»

ጋሽ ሽብሩ ጥሩምባውን ትኩር ብለው አዩት። ‹ሰውየው ይባረር› ብሎ በየሳምንቱ ጉሮሮው እስኪደርቅ የሚጮኸው ድምፅ በጆሯቸው መጣ። እንዲያ የሚጮኸው ስላላወቀ ነው ወይስ ስላወቀ?

«ስለ ቅዳሜውስ ጠይቀሃቸዋል?»

«ጠይቄያለሁ። ከተሸነፍን ክለቡ ይፈርሳል፤ ካሸነፍን ሰው አይመጣም፤ ምን ላድርግ አልኩ። ‹ሌላ ሰው ይወስን› አሉ፣ ሁሉም። ያልተጠየቁት እርስዎ ብቻ ነበሩ።»

ሳምንቱን ሙሉ ጋሽ ሽብሩ ለማንም ትንፍሽ አላሉም። አንድ ሁለቴ አባዲርን በማያ ሊጠሩ ተነሥተው ተዉት። ምን ይሉታል? «ብቸኛ ነህ ወይ?» ተብሎ ሰው አይጠየቅም፤ «ደህና ነህ ወይ?» ነው የሚባለው፤ መልሱም «ደህና፣ እግዜር ይመስገን» ነው። ሐሙስ ዕለት ጥላው ላይ ቀዳዳ ተከፍቶ አንድ ዘለላ ፀሐይ ግቢው ውስጥ ወረደ፣ ባዶው መሬት ላይ ተቀመጠ። ብዙም ሳይቆይ የአባዲር የሽቦ እጅ ከላይ መጥቶ ሰፋው። ጋሽ ሽብሩ አንገታቸውን ቀና አድርገው ለእጁ እጃቸውን አወዛወዙ። እጁ ስፌት እንጂ ሰላምታ አልተማረም።

ቅዳሜ ጨዋታው ሊጀመር ሲል ዕቃ ቤት ገቡ።

«አሸንፍ» አሉት ጥሩምባውን።

«ሰውስ?»

«ቡድን ከሌለ እሱም ይቀራል። አሸንፍ ብዬሃለሁ።»

«ድንኳኑን ምን ላድርገው?»

«ይተኛ። ለፍቷል።»

ደቻቱ ኮከብ ሦስት ለባዶ አሸነፈ። ልጆቹ ለካ ኳስ ይችላሉ! ተከላካዮቹ እንደ ግንብ ቆሙ፤ ያ ስሙ በክፉ ሲነሣ የኖረ አጥቂ ሁለት አገባ። ጋሽ ሽብሩም ጮኹ። ከየግንቡ ጀርባ የታፈነ ጩኸት ሰሙ፤ መንደሩ ሁሉ በየሣጥኑ ውስጥ ሆኖ የሚጮህ ይመስላል። ከዚያ ፊሽካው ተነፋ፣ ጩኸቱ አንድ በአንድ ጠፋ፣ ማያዎች ወለቁ።

ወደ አስካለ ወንበር ላለመዞር ወደ ግቢ ወጡ። አንድ አግዳሚ በእጃቸው እየጎተቱ አመጡ፤ ወንበሩ ተጎትቶ ስለማያውቅ ተንቋቋ። ከምሳ ጀምሮ ልማድ አሸንፏቸው ንፍሮ በገዛ እጃቸው ጥደው ነበር። ሳህኑን አጠገባቸው አኑረው፣ በሩን ከፍተው ተቀመጡ። መንገዱ ላይ ዳቦ አድራሽ በራሪ እንጂ የሚያልፍ የለም።

ጀንበሯ ከጥላው ጫፍ ሥር ሾልካ ስትጠልቅ አባዲር በሩ ላይ ታየ። ፎጣውን አልተከናነበም፤ በእጁ ጨብጦታል። እንደ ተያዘ ሌባ ቆመ።

«ድንኳኑ የታለ?»

«አሸንፈናል እኮ።»

«አውቃለሁ አቦ።» ገብቶ ከጎናቸው ተቀመጠ። «ቤት ጮህኩ። ድመቷ ደንግጣ አልጋ ሥር ገባች። ከዚያ ሌላ የምጮህበት ሰው አጣሁ።»

«ብላ።»

ዘገነ። «ጥሬ ነው» አለ።

«ራሴ ነኝ የቀቀልኩት።»

«ድስቱ ከአንተ ይሻላል ወላሂ።»

ቀጥሎ ወይዘሮ ዘይነባ የራሳቸውን ሳህን በጨርቅ ሸፍነው መጡ። ሦስቱ ተቀምጠው ተያዩ። ለሽንፈት የሚባለውን ሁሉም ያውቃል። ለድል ምን እንደሚባል ማንም አልተማረም። ወይዘሮ ዘይነባ አፋቸውን ከፍተው ዘጉ፤ እንደገና ከፈቱና፣

«እንግዲህ ያጽናን» አሉ።

«አሜን» አሉ ሁለቱ።

በሩን አዩት። ሌላ የመጣ የለም። አግዳሚው ረጅም ነው፤ ሦስት ሰው ሲቀመጥበት ርዝመቱ የበለጠ ይታያል።

ከዕቃ ቤቱ ጥሩምባው ጉሮሮውን ጠረገ። «ጋሽ ሽብሩ፣ የሚመጣውን የውድድር ዓመት ምን ላድርግ?»

ጋሽ ሽብሩ ክው ብለው ሁለቱን አዩ። አባዲር የሽንብራ ልጣጭ ከጣቱ ያራግፋል። ወይዘሮ ዘይነባ ሰማዩን፣ ማለትም ሸራውን፣ ያያሉ። ይህ መሣሪያ ስለ ምን ያወራል ብሎ የጠየቀ ሰው የለም።

ጋሽ ሽብሩ ሦስት ብቻ ሆነው መቀመጣቸውን አዩ፣ ቀሪውን ባዶ እንጨት አዩ፣ አሰቡ።

«በአቻ ጀምር» አሉ።

«በሜዳችን?!» አለ አባዲር ከወንበሩ ብድግ ብሎ። «አቦ በሜዳችን አቻ ውርደት ነው!»

«ጎል ያለበት አቻ ይሁን እንጂ ባዶ ለባዶ አልወድም» አሉ ወይዘሮ ዘይነባ። «ከዕረፍት በኋላም ወደ ሰሜን አድርገው።»

«እሺ» አለ መካሪው። ቀጥሎም፣ «ንፍሮውን ለስንት ሰው ልጣድ?» አለ።

ጋሽ ሽብሩ ወደ ክፍቱ በር ዞሩ።

«ለሁሉም ጣድ» አሉ። «የተረፈውን ሳምንቱን ሙሉ እኔ እበላዋለሁ።»