አንዴ የተቀባ ጭቃ

እማማ ሳፊያቱ ታል ዓርብ ረፋድ ላይ፣ በገዛ ግቢያቸው፣ ጨርቅ ከሚቀለምበት የጭቃ ገንዳ አጠገብ በግንባራቸው ተደፍተው ተገኙ። ማጅራታቸውን የመታው፣ ባዜን የሚባለው ጨርቅ እስኪያብረቀርቅ የሚቀጠቀጥበት የእንጨት መዶሻ እዚያው ወድቋል። ከፊታቸው በቅጠል ጭማቂ ተነክሮ ቢጫ የሆነ ጥጥ ጨርቅ ተዘርግቷል፤ የተቀባበትን ጭቃ ፀሐይ እያደረቀችው ነበር።

ባማኮ ውስጥ ልብስ እሰፋለሁ የሚል ወጣት የእኚህን ሴት ደጅ ያልጠና የለም። በየዓመቱ ብርዱ ሲገባ ሦስት አዳዲስ ዲዛይነሮች መርጠው በትልቅ ትርኢት ያወጣሉ። «ዘንድሮ የሚለበሰው ቅጠል ቢጫ ነው» ካሉ ከተማው ቅጠል ቢጫ ይለብሳል። የዘንድሮው ትርኢት እሑድ ነው።

መርማሪ ማሲታን ኩሊባሊ ጡረታ ልትወጣ ሁለት ወር ቀርቷታል። የልብስ ሰፊ ልጅ ስለሆነች ከሬሳው ፊት ይልቅ እጁን ነው ያየችው። የእማማ ሳፊያቱ ቀኝ መዳፍ በደረቀ ጭቃ ተሸፍኗል፤ የአራቱ ጣቶች ጫፍ ግን ንጹሕ ነው፣ አንድ ነገር ጨብጠው ጭቃውን የጠረጉበት ይመስላል። ከኪሳቸው በመቀስ የተቆረጠች መዳፍ የምታህል የመጋረጃ ቁራጭ ወጣች። በቁራጯ ላይ ካለው ጥለት ውጪ ብቻዋን የቀረች ጥቁር ነጥብ አለች፤ ነጥቧ ላይ መርፌ ቁልፍ ተሰክቷል።

አለቃዋ አዛዥ ሳንጋሬ ግን መልሱን ይዞ ነው የመጣው። ሐሙስ ዕለት እማማ ሳፊያቱ ኮሮቱሙ ደምቤሌ የምትባለውን ወጣት ዲዛይነር «ጥለቶችሽን በስውር ለውጭ ፋብሪካ ሸጠሻል፣ ሌባ ነሽ» ብለው በሰው ፊት ከምርጫው ሰርዘዋታል። ልጅቷ ደግሞ ዓርብ አራት ሰዓት ላይ በር ላይ ታይታለች። እጇም ጭቃ ነው።

«እትዬ፣ ከትርኢቱ በፊት ይዘው ያምጧት» አላት። «ከተማው እያየን ነው።»

«ከተማው ይይ። እጇ ጭቃ ነው ብዬ ጭቃ ሠሪ አላስርም።»

«ትእዛዝ ነው።»

«እንግዲያው ሁለቱን ወር አስቀሩብኝ።»

ሳንጋሬ ይህችን ሴት ያውቃታል። እስከ ቅዳሜ አሥር ሰዓት ጊዜ ሰጣት፤ ከዚያ በኋላ ልጅቷን ራሱ ሄዶ እንደሚያስራት ነገራት።

ኮሮቱሙ ጠባብ ግቢዋ ውስጥ እስከ ክርኗ ጭቃ ውስጥ ገብታ ነበር። የሃያ አራት ዓመት ልጅ ናት፤ አልተነሳችም፣ ወንበርም አልሰጠችም።

«ገድለሻቸዋል?» አለቻት ማሲታን።

«አልገደልኩም። እንዲያምኑኝ ብዬ ግን አላለቅስም፣ እትዬ። በሰው ፊት ሌባ ሲሉኝ ያላለቀስኩትን ዛሬ ለእርስዎ አላለቅስም።»

ዓርብ ጠዋት የሄደችው እማማ የሰጧትን ቢጫ ቡቡ፣ ያንን ሰፊ ረጅም ቀሚስ፣ ልትመልስ ነበር፤ በሩ ላይ ሰቅላው ሳትገባ ተመልሳለች። ቡቡውን የግቢው ዘበኛ እንዲያ ተሰቅሎ አግኝቶታል፣ አንዲት ነጥብ ጭቃ የለበትም። ማሲታን የመጋረጃዋን ቁራጭ አሳየቻት። የልጅቷ ፊት ተለወጠ።

«ይቺ የእኔ ጠብታ ናት። ባለፈው ክረምት ስስል ጭቃ አምልጦኝ ጠብ ያለች። ጨርቁን ለማንም አልሸጥኩም፣ ለሳሎኑ ግድግዳ ብሎ ለምኖኝ የእማማን ቤት ለሚያስጌጠው ለባካሪ ኬይታ በነጻ ሰጠሁት። ይህ መጋረጃ ግን በማሽን የታተመ ነው።»

ማሲታን ሥራውን አስተምሪኝ አለቻት። ልጅቷ በመጠራጠር ዐይን አየቻትና አንድ ቁራጭ ቢጫ ጨርቅ ወረወረችላት። ቅጠሉን ያልጠጣ ጨርቅ ላይ ጭቃ ያው ጭቃ ነው፣ በውኃ ይለቃል፤ ቅጠሉን የጠጣው ላይ ግን ነክሶ ይቀራል፣ ሳሙናም አይመልሰውም። ሰው የሚሳሳተው ደረቁን ጭቃ አይቶ ጠቆረ ሲል ነው። ሲታጠብ አንዴ የተቀባው ግራጫ ሆኖ ይወጣል። ጥቁር የሚሆነው ታጥቦ ሁለተኛ ሲቀባ ነው።

የሟች የወንድም ልጅ ናና ታል የአክስቷን ቤት የምታስተዳድረው፣ ወራሽም እሷው ናት። ዓርብ ጠዋት በትርኢቱ አዳራሽ ሃያ ሰው እያዘዘች ወንበር ስታስደረድር ነው ያረፈደችው። ከትርኢቱ በፊት ባለው ዓርብ የቤቱ ሰው ሁሉ የወቅቱን ቀለም መልበሱ ልማድ ስለሆነ እሷም ባካሪም ቅጠል ቢጫ ቡቡ ለብሰው ነበር። የእሷ እስካሁን ንጹሕ ነው። አንድ ነገር ግን አስገርሟታል።

«አክስቴ ጭቃ ከነኩ አሥር ዓመታቸው ነው» አለች። «ዓርብ ምን እንደነካቸው አላውቅም።»

ቅዳሜ ጠዋት ማሲታን ወደ ባካሪ ኬይታ ሳሎን ሄደች። ባካሪ የሀብታም ቤት የሚያስጌጥ ሰው ነው፤ ግድግዳው የጭቃ ቀለም፣ ሶፋው ዝቅ ያለ፣ ትራሱና መጋረጃው ጥለት በጥለት። ኬይታና ኩሊባሊ ከጥንት ጀምሮ የቀልድ ዘመዳሞች ናቸው፤ ቢሰዳደቡ ቂም የለም፣ አንዱ በቀልድ የጠየቀውን ሌላው መከልከሉ ግን ነውር ነው።

«አደንጓሬ በላተኛዋ መጣች» አለ በተለመደው ስድብ፣ ከሶፋው ሳይነሳ። «መስኮቱን ክፈቱ፣ አየር ይግባ።»

«አሽከሬ ደህና ነህ? የአሽከር ሳሎን እንዲህ ካማረ የእመቤቲቱ እንዴት ሊሆን ነው።»

ሁለቱም ሳቁ። እሷ እየሳቀች መጋረጃውን በዐይኗ ለካችው። ጥቁሯ ነጥብ በየክንዱ ርቀት ትደጋገማለች፤ ከሶፋው ጀርባ ከታችኛው ጠርዝ ላይ ደግሞ መዳፍ የምታህል ቁራጭ ጎድላለች። መስኮቱ ዳር ባለው የልብስ ማሳያ አሻንጉሊት ላይ ቢጫ ቡቡ ቆሟል፤ ከደረቱ እስከ ጉልበቱ ጥለት ተስሎበት ጭቃው እንደደረቀ ነው።

«ለእማማ ሳፊ መታሰቢያ ብዬ ትናንት ከሰዓት በእጄ የሠራሁት ነው» አለ።

«ጭቃውን ሳታጥበው?»

«እንዲህ ይሻላል፣ ያረጀ ግድግዳ ይመስላል። የዘንድሮ ቤት ይህን ነው የሚወደው።»

«እንግዲያው እመቤትህ ነኝና አምጣው፣ አጥቤ ልልበሰው።»

የኬይታ ልጅ ሁሉ እዚህ ላይ የሚመልሰው ስድብ አያጣም። ባካሪ ግን ተነስቶ በእሷና በአሻንጉሊቱ መካከል ቆመ።

«አትንኪው» አለ። ሳቁ ከፊቱ ጠፍቷል።

ማሲታን ይቅርታ ጠይቃ ወጣች። ከደጅ እንደወጣች ለናና ደውላ፣ ያ ቡቡ የትርኢቱ መክፈቻ ቢሆን መልካም እንደሆነ መከረቻት። ናናም አስመጣችው። ባካሪ ለከተማው ሁሉ መታሰቢያ ያለውን ለቤተሰቡ አልሰጥም ሊል አልቻለም።

አሥር ሰዓት ላይ ሁሉም በሟች ግቢ ተሰበሰቡ። ቡቡው መካከል ላይ ተሰቅሏል፣ ከሥሩ በውኃ የተሞላ ገንዳ አለ። ሳንጋሬ ካቴናውን ይዞ ከኮሮቱሙ ጀርባ ቆሟል። ልጅቷ አንገቷን አልደፋችም።

«ከቁራጯ ልጀምር» አለች ማሲታን። «እማማ ሳፊያቱ ሐሙስ ማታ ባካሪ ሳሎን ተቀምጠው ይህችን ነጥብ አዩ። እጅ ቢሳሳት አንዴ ነው፤ ይቺ ስሕተት ግን በየክንዱ ትደጋገማለች፣ ስለዚህ የማሽን ናት። ጥለቱ የተወሰደው ኮሮቱሙ ከሰጠችው ጨርቅ ነው፤ ጨርቁ ደግሞ ከባካሪ እጅ ወጥቶ አያውቅም። ጥለቱን የሸጠው፣ ልጅቷን ሌባ ያስባለው እሱ ነው። እማማ ቁራጯን ቆርጠው ወሰዱ።»

«ይህ ወሬ ነው» አለ ባካሪ።

«ዓርብ ጠሩህ። ስትመጣ ጭቃ እየቀቡ ነበር። ተነስተው በዚያው እጃቸው ደረትህን ጨበጡህ፤ ጣቶቻቸው የተጠረጉት ያኔ ነው። ከዚያ ጀርባቸውን ሰጥተውህ ወደ ሥራቸው ዞሩ። የተመቱት ማጅራታቸውን ነው። ቤትህ ገብተህ ልብስህን አጠብክ፣ ግን ቅጠል የጠጣ ጨርቅ ሆነብህና አልለቅ አለ። ብታቃጥለው ሰው ሁሉ ለብሰህ አይቶሃል፣ የት አለ ይሉሃል። ስለዚህ በላዩ ጥለት ሳልክበት።»

«ሰው ጥለት ስለሳለ ይታሰራል? ጨርቅ ምስክር አይሆንም።»

«አንተ ጭቃ ትሸጣለህ እንጂ ጭቃ አታውቅም፣ አሽከሬ።»

ቡቡውን አወረደችና ገንዳው ውስጥ ነከረችው። ውኃው ደፈረሰ። አንዴ፣ ሁለቴ አሸችው፣ አውጥታም ዘረጋችው። የባካሪ ጥለት በሙሉ የአመድ ቀለም ሆኖ ወጣ፤ ከደረቱ ላይ ግን አራት ጣቶች ጎን ለጎን ጠቁረው ይታያሉ። እዚያ ቦታ ላይ ጭቃው ሁለት ጊዜ አርፏል፣ አንዴ በእማማ እጅ፣ አንዴ በባካሪ እጅ። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» የሚሉት በውኃም ይሠራል።

ባካሪ ጨርቁ ላይ የወጡትን ጣቶች አያቸው። ከዚያ ድምፁ ከፍ አለ። «ሃያ ዓመት ቤቷን ያስጌጥኩላት እኔ ነኝ። ለዚህች ትናንት ለመጣች ልጅ ብላ ‹እሑድ በአደባባይ ስምህን እጠራለሁ› አለችኝ። ብላኝ ደግሞ ዞረች። እንደ ተላላኪ ጀርባዋን ሰጠችኝ።»

ሳንጋሬ ካቴናውን ይዞ ከኮሮቱሙ ጀርባ ወደ ባካሪ ተሻገረ። ሲያልፍ ልጅቷን ይቅርታ ሊላት ፈልጎ ነበር፤ እሷ ግን አላየችውም።

ባካሪን ከወሰዱት በኋላ ናና ወደ ኮሮቱሙ ቀረብ ብላ፣ ስሟን ወደ ምርጫው እንደምትመልሰው ነገረቻት።

«ስሜ የእኔ ነው» አለች ኮሮቱሙ። «እናንተ አልሰጣችሁኝም፣ እናንተም አትመልሱልኝም። ከፈለጋችሁ እሑድ ራሴ እመጣለሁ።»

ማሲታን ዓርብ ከሬሳው ፊት ተዘርግቶ የነበረውን ጨርቅ አስመጥታ መሬት ላይ ዘረጋችው። ጭቃው ታጥቦ ጥለቱ በግራጫ ወጥቷል። ያረጀ፣ የሚንቀጠቀጥ እጅ የሳለው ነው፣ ጥለቱ ግን የኮሮቱሙ ነው። በአንዱ ጥግ፣ በትክክለኛው ቦታ፣ አንዲት ጠብታ ሆን ተብሎ ተስላለች።

«አሥር ዓመት ያልነኩትን ጭቃ የነኩት ለዚህ ነው» አለቻት ማሲታን። «ሌባ ያሉሽ በሰው ፊት ነው። ይቅርታውንም በሰው ፊት ሊሉሽ ነበር።»

ኮሮቱሙ ጨርቁን ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ተንበርክካ እጇን የጭቃው ገንዳ ውስጥ ከተተች።

«አንዴ ብቻ ነው የቀቡት» አለች። «እንዲህ ሆኖ ለትርኢት አይወጣም።»

እሑድ አዳራሹ ሲሞላ መጀመሪያ የወጣው ያ ጨርቅ ነበር። የያዘችው ኮሮቱሙ ራሷ ናት፤ በሥራ ሽርጧ፣ እጇን ሳትታጠብ። ጥለቱ ጠቁሯል።