ተብታባው ካሜራ

እኔ መንፈስ ታየ፣ ድምፅ ተሰማ ሲባል ከሁሉ ቀድሜ የምስቅ ሰው ነኝ፣ ዛሬም አምናለሁ አልላችሁም፣ የሆነውን ብቻ ልንገራችሁና እናንተው ፍረዱ።

አባቴ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ትንሽ ፎቶ ቤት ነበረው፣ አምና ሲያርፍ ሁለት የፊልም ካሜራና ጉንዳኗን ዝሆን የሚያሳክል አንድ ማክሮ ሌንስ ተወልኝ፣ ሌንሱ ለሁለቱም ይገጥማል። አንደኛው ካሜራ ቀላል ነው፣ የብርሃን መለኪያም አለው። ሌላው ጡብ የሚያህል አሮጌ ነው፣ ሲያነሳ «ቀ-ቀ-ቀጭ» እያለ ስለሚንተባተብ ቤታችን ውስጥ ስሙ ተብታባው ነበር። አባዬ ፍላሽ አይወድም፣ «ብርሃን ሲያንስሽ ከባዱን ያዢ፣ እጅሽን ያረጋልሻል» ይለኝ ነበር፣ እኔም «እሱን ተሸክሜ እንጦጦ ከምወጣ አህያ ብከራይ ይሻለኛል» እለው ነበር። የሰው ሁሉ ሰርግ ሲያነሳ ኖሮ የእማዬ አንድ ደህና ፎቶ እንኳ የለንም፣ በመጨረሻ «በመስኮት ብርሃን አነሳታለሁ» ብሎ ተብታባውን አዲስ ፊልም አጎረሰው፣ ግን አልደረሰም።

አንድ ቅዳሜ ከየካ አባዶ ኮንዶሚኒየማችን ልወጣ ስል ሁለቱንም ይዤ ቆሜ ቀረሁ።

«ያባትሽን አትወስጂም?» አለች እማዬ።

«ይከብዳል እማዬ፣ ደግሞ ፊልሙ ያንቺ ነው፣ አልነካብሽም።»

ቀላሉን ያዝኩ፣ ተብታባውን፣ የፎቶ ቆጣሪው ዜሮ ላይ እንደቆመ፣ መስኮቱ ፊት ለፊት ያለው መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኩት።

እንጦጦ ራጉኤልን አልፌ ጥዶቹ መሃል ስገባ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ነበር፣ ደመናው ከብዷል። ከቅርንጫፍ እንደ ጢም የተንዘረፈፈ የዛፍ ሽበት ላይ የተንጠለጠለች የውሃ ጠብታ አየሁና ተንበረከክሁ፣ ትንፋሼን ያዝኩ፣ ጠቅ። ከጀርባዬ፣ ቀ-ቀ-ቀጭ። ዞር አልኩ፣ ማንም የለም። ወፍ ነው አልኩ፣ ምን ልበል ታዲያ! ደገምኩት፣ ጠቅ፣ ቀ-ቀ-ቀጭ፣ አሁን ቀረብ ብሎ። እመኑኝ፣ ያንን ድምፅ ተኝቼም አውቀዋለሁ፣ ስንቱ ልደቴ በሱ ተነስቷል። ፈርቻለሁ፣ ግን ልዋሻችሁ አልችልም፣ መሄድም አልፈለግኩም፣ አባዬ ናፍቆኝ ነበር። ብርሃኑ እስኪያልቅ በድምሩ አሥራ አንድ ጊዜ አነሳሁ፣ አሥራ አንድ ጊዜ ተከተለኝ።

ቤት ስደርስ በቀጥታ ወደ መደርደሪያው ሄድኩ። ቆጣሪው አሥራ አንድ ይላል።

«እማዬ፣ ነካሽው እንዴ?»

«እኔ ምኑን አውቄው?»

የሆነውን ሁሉ ነገርኳት፣ አልደነገጠችም። «ፊልሙን ሰኞ ወስጄ ላሳጥበው» ስላት ግን እጄን ያዘችኝ።

«ተይው የኔ ልጅ። ሠላሳ ስድስት አይደል የሚያነሳው? ይጨርስበት።»

ከዚያ ወዲህ እኔ ካሜራ አልነካሁም። እማዬ ግን ጠዋት ጠዋት ፀጉሯን አበጥራ፣ ነጠላዋን አስተካክላ፣ መጋረጃውን አስገልጣኝ መስኮቱ ጋ ትቀመጣለች፣ ቀና ብላ፣ ፈገግ ብላ፣ እንደዚያ ስታምር አይቻት አላውቅም፣ እኔም ወደ ሥራ እሄዳለሁ።

ትናንት መደርደሪያውን ስወለውል ቆጣሪውን አየሁት። ሠላሳ አምስት። አንድ ብቻ ነው የቀረው፣ ከዚያ በኋላ ምን እንደሚሆን አላውቅም፣ አባዬ ይዟት ይሄዳል ብዬ ማሰቤ ራሱ ያሳፍረኛል። ዛሬ ጠዋት መጋረጃውን ሳልገልጥ ወጣሁ። ደረጃው ላይ ስደርስ እማዬ ከውስጥ ተጣራች።

«ሂሩት፣ ኧረ መጋረጃውን ግለጪልኝ፣ ብርሃኑ ሊያመልጠን ነው!»

እንዳልሰማ ሆኜ ወረድኩ።