የቀድሞው ውል ይቅር?

ሰኞ ጠዋት በሦስተኛው ፎቅ ላይ ሬሳ አልተገኘም። በሩ አልተሰበረም፤ መስኮቶቹም እንደ ተዘጉ ነበሩ። ኮምፒውተሮቹ በየጠረጴዛቸው፣ ካፖርቶቹ በየመስቀያቸው፣ ሁሉም በቦታው ነበር። የተሰረቀው በዓይን የማይታይ ነገር ነው። አንድ ውል።

መርማሪዋ ደረጃውን እያለከለከች ወጥታ ስትገባ፣ የእህቷ ልጅ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀቻት። ይህች ልጅ የኮምፒውተር ጨዋታ የሚሠራ ትንሽ ድርጅት ባለቤት ናት።

«አክስቴ፣ ተዘርፌያለሁ።»

«ፖሊስ ጣቢያ ሄደሽ ‹ምን ጠፋብሽ?› ቢሉሽ ምን ልትያቸው ነው?»

«የምለው ስለሌለኝ አይደል አንቺን የጠራሁሽ?»

መርማሪዋ ጡረታ ከወጣች ቆይታለች። በሥራ ዘመኗ ሌባውንም አጭበርባሪውንም በየዓይነቱ አይታለች። ስለ ኮምፒውተር ጨዋታ የምታውቀው ግን የልጅ ልጆቿ ለእራት ሲጠሩ እንዳይሰሙ የሚያደርግ ነገር መሆኑን ብቻ ነው።

«ከመጀመሪያው ጀምሪልኝ» አለች ወንበር እየሳበች። «ምንም እንደማያውቅ ሰው ቁጠሪኝ፤ አልቀየምም።»

«ጨዋታ ከባዶ አይሠራም። ከሥር የሚያንቀሳቅሰው ሞተር አለ፤ ብርሃኑን፣ ድምፁን፣ እንቅስቃሴውን የሚያስተናግደው እሱ ነው። ሞተሩ የሌላ ኩባንያ ነው፤ እኛ የምንጠቀምበት በፈቃድ ነው።»

«እንደ ኪራይ ቤት።»

«እንደ ኪራይ መሬት በይው። ቤቱን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ መሬቱ ግን የሰው ነው።»

በአሮጌው ውል መሠረት ልጅቷ የፈቃዱን ዋጋ አንድ ጊዜ ከፍላ ጨርሳለች። ባለፈው ዓመት ኩባንያው አዲስ ሞተር አወጣ፤ አብሮትም አዲስ ውል መጣ። ጨዋታው ለተጫነበት ለእያንዳንዱ ስልክ ክፈሉ የሚል። የልጅቷ ጨዋታ ደግሞ ለወሰደው ሁሉ በነጻ የሚሰጥ ነው፤ ገቢ የሚገኘው በኋላ ወደው ከሚከፍሉት ጥቂቶች ነው።

«ሰው በወደደን ቁጥር እንከስራለን ማለት ነው» አለች ልጅቷ። «አሮጌውን ሞተር እስካልቀየርን ድረስ ግን አሮጌው ውል ይጸናል። ስለዚህ የዚህ ቤት ሕግ አንድ ነው፤ ማሻሻያ የሚባል ነገር እንዳይጫን። ቅዳሜ ዕለት አንድ ሰው ጫነው።»

በጣቷ ወደ ግድግዳው አመለከተች። እዚያ፣ ሁሉም በጋራ በሚጠቀሙበት ኮምፒውተር ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር በርቷል፤ «አዲሱ ውል ጸድቋል።»

«መመለሻ የለውም?»

«የኩባንያው ተወካይ ዛሬ ከሰዓት ይደውላል። ሠራተኛችሁ ተሳስቶ ከሆነ ስህተቱ የእናንተ ነው፣ ውሉ ይጸናል ብሎኛል። የመፈረም ሥልጣን የሌለው ሰው እኛን ለመጉዳት አውቆ ያደረገው ከሆነ ግን ይሰርዙታል።»

«የመፈረም ሥልጣን ያለው ማን ነው?»

«እኔ ብቻ። ሸሪኬ ድርሻ አለው እንጂ ፊርማ የለውም።»

መርማሪዋ አንገቷን ነቀነቀች። የእህቷ ልጅ የወጣትነቷን ጥሩ ጥሩ ዓመታት በዚህ ጨዋታ ላይ አፍስሳለች። እስከ ማታ ድረስ ወይ ይተርፋል፣ ወይ ያበቃለታል።

ሠራተኞቹን በትንሿ የስብሰባ ክፍል አንድ በአንድ አስጠራች።

መጀመሪያ የገባችው ሠዓሊዋ ናት፤ ጣቶቿ እስከ አንጓቸው ቀለም ነክቷቸዋል።

«አዲሱን ሞተር ትፈልጊው ነበር አሉ።»

«አሁንም እፈልገዋለሁ። በአሮጌው የሣልኩት ወንዝ ጭቃ ይመስላል።»

«‹አንድ ቀን ራሴ እጭነዋለሁ› ብለሻል።»

«ብያለሁ። አንድ ቀን አለቃዬን አንቃታለሁም ብያለሁ። እስካሁን በሕይወት አለች።»

መርማሪዋ ሳቋን ዋጥ አደረገች።

ቀጥሎ «ጆሮ» የሚሉት የድምፅ ባለሙያ መጣ። ቅዳሜን ከጠዋት ጀምሮ ቢሮው ውስጥ እንደ ዋለ ራሱ ተናገረ።

«ማን ማን መጣ?»

«ሁሉም ብቅ ብለው ሄደዋል፣ እትዬ። ሥዕል ሊያስቀምጥ የመጣ አለ፣ ቻርጀር ረስቶ የመጣ አለ። እኔ ማዳመጫዬን አድርጌ የዝናብ ድምፅ እያስተካከልኩ ነበር።»

«ስምህ ጆሮ ሆኖ ምንም አልሰማህም?»

«ጆሮዬ ሥራ ላይ ነበራ።»

ሦስተኛው ፕሮግራም ጸሐፊው ነበር። ባልደረቦቹ «ዝምታ» ይሉታል፤ ለምን እንደሆነ ለማወቅ መርማሪዋ ብዙም አልደከመች።

«ማንን ትጠረጥራለህ?»

«ማንንም።»

«የምታውቀው ነገር አለ?»

ጥቂት አሰበ። «የማላውቀው አለ። ኮምፒውተሩ ከመስማማት በፊት ምን ብሎ እንደሚጠይቅ አላውቅም። እዚህ ቤት ማሻሻያ ተጭኖ ስለማያውቅ ጥያቄውን ያየው የለም። አንዴ ከተስማሙ ደግሞ ተመልሶ አይመጣም።»

ለእሱ ይህ ረጅም ንግግር ነበር። መርማሪዋ ጎንበስ አለች።

«እኔና አንተ ልናየው እንችላለን?»

ከቦርሳው ላፕቶፑን አወጣ፤ አሮጌው ሞተር እሱ ላይም ነበር። በሩን ዘጉ። ማሻሻያውን እስከ መጨረሻው ደፍ ድረስ አስኬደውና እጁን ከቁልፎቹ ላይ አነሣ። የሞተሩን ገጾች ወደ አማርኛ የመለሰው ማን እንደሆነ አይታወቅም፤ ማንም ይሁን ማን፣ ቸኩሎ ነበር። ጥያቄው አንድ መስመር ነው፤ «የቀድሞው ውል ይቅር?» ከሥሩም «አዎ» እና «አይ»።

መርማሪዋ መነጽሯን አስተካክላ ደግማ አነበበችው።

«ይሰረዝ ለማለት ነው ወይስ ባለበት ይቆይ?»

«ሁለቱንም ያስኬዳል።»

«ምንም ሳትመልስ ዝጋው። ይህን ያየነውን ለማንም እንዳትናገር።»

«እኔ?» አላት ዝምታ፣ ከልቡ ተገርሞ።

ሸሪኩ ሳይጠራ ገባ። ከልጅቷ ጋር ከትምህርት ቤት ጀምሮ አብሮ ያደገ፣ ጨዋታውን ለገበያ የሚያስተዋውቅ፣ ሸሚዙ የማይጨማደድ ሰው ነው።

«እትዬ፣ እባክዎ ልጆቹን ብዙ አያስጨንቋቸው። ክፉ ያሰበ የለም። ስህተት ነበር ብለን ለተወካዩ እንንገረውና ነገሩ ይብቃ።»

«ስህተት ነበር ካላችሁ ውሉ ይጸናል።»

«አውቃለሁ። ጨዋታውን እናጣለን። ሰው ግን አናጣም።»

አነጋገሩ ያማረ ነበር። መርማሪዋን በሙያዋ ያማረ አነጋገር ደጋግሞ ገጥሟታል፤ በሰማችው ቁጥር ወንበሯ ላይ ትንሽ ቀና የማለት ልማድ አላት። አሁንም ቀና አለች።

«እኔ እንኳ ያልገባኝ» አለች፣ ዝግ ብላ፣ «ሁሉም ጠንቅቆ የሚያውቀው ሕግ እያለ፣ ተሳስቶ የሚስማማ ሰው እንዴት ያለ ሰው ነው?»

«ኧረ አይፍረዱበት። ‹የቀድሞው ውል ይቅር?› ብሎ ሲጠይቀው፣ ባለበት ይቅር ማለቱ መስሎት አዎ ቢል ምን ይደንቃል? ቃሉ ራሱ ያሳስታል። እኔም ብሆን እሳሳት ነበር።»

ከውጭ የቁልፍ ሰሌዳ ድምፅ ብቻ ይሰማል።

«ጥያቄው እንደዚያ እንደሚል ማን ነገረህ?»

«ማን... ኮምፒውተሩ ላይ አየሁት።»

«ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ‹አዲሱ ውል ጸድቋል› የሚለው ነው። ጥያቄው የሚታየው መልስ ለሚሰጠው ሰው ብቻ ነው።»

«እንግዲያው ዝምታ ነግሮኝ ይሆናል።»

«ዝምታ?»

እንደማያስኬድ ለሸሪኩ ለራሱም ገባው።

«ማስተባበያህን አስቀድመህ አሰናድተሃል» አለችው መርማሪዋ ያለ ቁጣ። «‹አንተ ነህ ወይ?› ሳልልህ አመለጠህ። በል፣ ምክንያቱን ንገረኝ።»

ወንበሩ ላይ ዘፍ አለና ተናገረ። አንድ ትልቅ የጨዋታ ኩባንያ ድርጅቱን ሊገዛ ጠይቆ ልጅቷ እምቢ ብላ ነበር። ትልልቆቹ ከሞተሩ ባለቤት ጋር ለብቻቸው ተደራድረው የራሳቸው ውል አላቸው፤ አዲሱ ክፍያ እነሱን አይነካም። እሷን ግን ያንቃታል። ስትታነቅ ትሸጣለች።

«አንተስ ምን ታገኛለህ?»

«የራሱ በር ያለው ቢሮ» አለ ሸሪኩ፣ ወለሉን እያየ። «እዚህ ጨዋታው በተወራ ቁጥር የሚጠራው የእሷ ስም ነው። አብረን ነው የጀመርነው፣ እትዬ። አንድም ሰው ስሜን ጠይቆኝ አያውቅም።»

መርማሪዋ በሩን ከፍታ የእህቷን ልጅ ጠራች። ልጅቷ የሁለቱንም ፊት ስታይ ማን እንደሆነ ገባት፤ የቀረውን መርማሪዋ በአጭሩ ነገረቻት።

«ቅዳሜ ማታ ደውለህልኝ ነበር» አለችው። «‹ደክመሻል፣ እረፊ› ብለኸኝ ነበር።»

ሸሪኩ የሸሚዙን እጅጌ መጎተት ጀመረ።

«ስማኝ። በእጄ ያለው ማስረጃ ከአፍህ የወጣው ቃል ብቻ ነው፤ እሱን ደግሞ የሰማችው አክስቴ ብቻ ናት። ለተወካዩ ‹ተሳሳትኩ› ካልከው ጨዋታው ወደ ሰዎችህ ይሄዳል። ‹አውቄ ነው› ካልከው ይተርፋል። አልለምንህም። ግን ስትናገር እዚሁ ፊት ለፊትህ እቀመጣለሁ።»

ከምሳ በኋላ ስልኩ ጮኸ። ልጅቷ ድምፁ ለሁሉም እንዲሰማ አድርጋ ጠረጴዛው መሀል አስቀመጠችው። ሠዓሊዋና ጆሮ በሩ ላይ ቆሙ፤ ዝምታ ከኋላቸው።

«ጉዳዩን አጣርታችኋል?» አለ የተወካዩ ድምፅ።

ሸሪኩ ልጅቷን አየ። እሷም ዓይኗን አልነቀለችም።

«ማሻሻያውን የጫንኩት እኔ ነኝ» አለ። «አልተሳሳትኩም። አውቄ ነው። ሥልጣን እንደሌለኝም አውቅ ነበር።»

«ለመዝገብ ያህል፣ በድርጅቱ ውስጥ ምን ነዎት?»

«ሸሪክ» አለና አረመ። «ሸሪክ ነበርኩ።»

ተወካዩ ስምምነቱ እንደሚሰረዝ፣ አሮጌው ሞተር ከአሮጌው ውል ጋር እንደሚመለስላቸው፣ የጽሑፍ ማረጋገጫም እንደሚከተል ተናግሮ ተሰናበተ። ሸሪኩ ካፖርቱን አንሥቶ ወጣ። ማንም አላስቆመው፤ ማንም አልሸኘው።

ልጅቷ እስኪወርድ ድረስ የእግሩን ኮቴ በደረጃው ላይ አዳመጠች። የታችኛው በር ሲዘጋ ፊቷን በእጆቿ ሸፍና አለቀሰች። ለተረፈው ጨዋታዋ ይሁን ለሄደው ጓደኛዋ አይታወቅም። ዕድሜዋን በሙሉ ሰው ስትጠይቅ የኖረችው መርማሪም ይህን አልጠየቀችም፤ ወንበሯን ወደ ልጅቷ አስጠግታ አጠገቧ ተቀመጠች።