ሁለተኛው ገጽ

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የእድሩ ቤት ሁልጊዜ እንደሚሸተው ይሸት ነበር፤ ሳይደርቅ የታጠፈ ድንኳን፣ የዛገ የብረት ወንበር፣ የአይጥ ሽንት። እታፈራሁ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ጸሐፊ ሆና ሽታውን ለምዳዋለች፤ ያልለመደችው ጠረጴዛዋ ላይ የተተከለውን ኮምፒውተርና ይዛው የመጣችውን ስንዱን ነው። ስንዱ ኮሌጅ የጨረሰች የሰፈር ልጅ ናት፤ ጨዋ፣ ሲበዛ ጨዋ። እታፈራሁ ቀናች ብሎ የሚያማ አይጠፋም፤ እሷ እቴ፣ ልጅቷ ስትመሰገን ምራቅ መዋጥ ብቻ ነው የሚያቅታት።

"እትዬ፣ የአባላቱን ስም በሙሉ አስገብቻለሁ፤ እስቲ ይዩልኝ" ብላ ስንዱ ወጣች።

አየች። አንደኛ ላይ ማን አለ? ስንዱ። ከሥሯ ጥሩምባ ነፊው ጋሽ ዘለቀ፣ ከዚያ ሰፈሩ ሁሉ፣ ሁለት መቶ ሰው በአንድ ገጽ። የራሷን ስም ፍለጋ ቁልቁል ብትወርድ፣ ብትወርድ፣ ሁለተኛው ገጽ ላይ ለብቻው አገኘችው፤ ድግስ ሳይጠራ ቀርቶ አጥር ሥር የቆመ ሰው መስሎ።

በየስሙ ግራ ትንሽ ሳጥን አለች። ሳጥኗን ነክቶ "በሕይወት ያለ" የሚለውን ወደ "ያረፈ" መለወጥ እንደሚቻል ያሳየቻት ስንዱ ራሷ ናት። ነገ በስብሰባው ላይ "የተማረችው ልጅ ራሷን ከሙታን መዘገበች" ተብሎ ትንሽ ቢሳቅባት ምን አለበት? እታፈራሁ የላይኛዋን ሳጥን ነክታ "ያረፈ" አደረገች። የላይኛዋ ግን የስንዱ አልነበረችም፤ ገጹን በሙሉ ባንዴ የምትይዘው ነበረች። "መዝግብ" የሚለውን ተጫነች።

"ሁለት መቶ ሰዎች ተስተካክለዋል" የሚል ጽሑፍ ወጣ፤ ልትመልሰው ስትጣደፍ መብራት ሄደ።

ወደ ቤቷ ልትሄድ ስትወጣ ውጭ ፀሐይ ነበር። የወፍጮው ድምፅ ተቋርጧል፤ መብራት ስለሌለ ነው አለች። የዳቦ ቤቱ ሽታ ግን ጠፍቶ መንገዱ ከዳር እስከ ዳር እርጥብ ድንኳን ድንኳን ሸተተ፤ ለዚህ ምክንያት አጣች። ጋሽ ዘለቀ ደጃቸው ተቀምጠው ጥሩምባቸውን በጨርቅ ይወለውላሉ።

"ምነው ጋሼ፣ ማን አረፈ?"

"ማንን ልጥራ ብለሽ ነው? ሁሉም መጥቷል" አሉ ረጋ ብለው። ዝንብ በዓይናቸው ብሌን ላይ ስትሄድ ሽፋሽፍታቸው እንኳ አልተርገበገበም።

ቤቷ ገብታ በሩን ቀረቀረች። ብዙ ሳይቆይ ከአጥሩ ውጭ የብዙ ሰው እግር ሰማች፤ ቀስ ያለ፣ የማይቸኩል፣ አንድም ሰው የማያስልበት፣ አንድም ሕፃን የማያለቅስበት። ቀጥሎ የድንኳን ካስማ ሲመታ። ከፍርሃቱ ቀድሞ ልቧ ውስጥ የገባው፣ መናገሩ ያሳፍራል እንጂ፣ ቅሬታ ነበር፤ ሰፈር ሙሉ ሲሰበሰብ እንዴት ለእሷ አይነገራትም?

ከፈተች። ድንኳኑ የተተከለው እሷ ደጅ ላይ ነው። ሁለት መቶው ሰው እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀምጧል፤ የአንዱም ደረት ከፍ ዝቅ አይልም። ከፊት አንዲት ባዶ ወንበር አለች።

"ለምን አልነገራችሁኝም?" አለች።

ስንዱ፣ ገመዱ መሬት ለመሬት የሚጎተተውን፣ ግን የበራውን ኮምፒውተር ታቅፋ ብድግ አለች።

"ይቅርታ እትዬ፣ ሁለተኛው ገጽ ላይ ብቻዎን ቀርተው ነበር እኮ" አለች በዚያ ጨዋ አንደበቷ፤ "አሁን እርስዎንም አስተካክዬ ከእኔ በላይ፣ አንደኛ ላይ ጽፌዎታለሁ።"

እታፈራሁም፣ እግዜር ይቅር ይበላትና፣ ወደ ባዶዋ ወንበር ስትሄድ ደስ ብሏት ነበር።